አባባና የማርስ አቧራ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። አዳማ።

ዛሬ ለአባባ እውነቱን ነገርኳቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ «ምንድን ነው የምታጠኚው?» ባሉኝ ቁጥር «የአየር ጠባይ» እያልኩ አልፍ ነበር። የማርስ መሆኑን አልነገርኳቸውም። እሳቸው ደግሞ ሽንኩርት የሚያለሙባት የመቂ መስሏቸው በየሳምንቱ እየደወሉ «ሽንኩርቱን ልንቀለው ወይስ ይዘንባል?» ይሉኛል። እኔም ስልኬ ላይ ያለውን ትንበያ አይቼ እመልሳለሁ። ባለፈው ሳምንት «አይዘንብም» አልኳቸው። ዘነበ። የተነቀለው ሽንኩርት ማሳው ላይ በሰበሰ።

ዛሬ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሁሉንም ተናዘዝኩና ላፕቶፑን ከፍቼ፣ ማርስን የምትዞረው መንኮራኩር ከላይ ያነሳችውን ፎቶ አሳየኋቸው። ቀይ ሜዳ ላይ የተጠማዘዙ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። ምን እንደሆኑ ገና ሳልነግራቸው ጎንበስ ብለው አዩና «አውሎ ነፋስ ነው። አቧራውን ጠርጎ ሄዷል» አሉ።

እኔ ይህን ለማወቅ አንድ ሴሚስተር ፈጅቶብኛል። እሳቸው ከማሳቸው ያውቁታል።

«ዝናብስ አለ?» አሉኝ።

«የለም አባባ።»

«ሰውስ?»

«ሰውም የለም።»

አሁን የሽንኩርቱን ነገር ያነሱብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጣታቸውን አንዱ መስመር ላይ ቀስ አድርገው እያስኬዱ «ታዲያ ለማን ነው የሚነፍሰው?» አሉ።

መናኸሪያ ሸኝቻቸው ስመለስ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ዓይኔ ውስጥ ሞጀረብኝ። ቆሜ ዓይኔን እያሸሁ፣ ይሄኛው እንኳ ለእኔ ነው አልኩ።