ከካሴቶቹ መጀመሪያ የቆረጥኩት ድምፅ

ውዱ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እንዴት ሰነበትክ ልልህ ብዬ ራሴን ታዘብኩት። ግን አንተ ዘንድ ሰላምታ ሳይቀድም ወሬ መጀመር ነውር ስለነበር፣ አሰላሙ አለይኩም።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን እንጂ ምላሷን አላመማትም፤ ታውቃታለህ። ማንጎው ዘንድሮ ከልክ በላይ አፍርቶ ቅርንጫፉ የሱቁ ቆርቆሮ ላይ ተኝቷል። ሱቁን ዛሬም ባንተ ስም ነው የሚጠሩት። እኔ እንኳን ስንት ሰርግ ቀርጬ በፍላሽ አስረክቤ፣ አሁንም "የሙሐመድ ልጅ" ነኝ እንጂ ዘሐራ የሚለኝ የለም። ትልቁን ካሜራህን መስታወቱ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሰሞኑን አንዱ ሙሽራ አይቶት "ይሄን ነገር በትከሻው ነበር የሚሸከመው?" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ኮራሁበት።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለዚህ አይደለም። አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ከኔው አፍ ስማው ብዬ ነው።

የካሴቶችህን ጽሑፍ ምስጥ እየበላ ስንቴ እንዳናደደህ ታስታውሳለህ? አሶሳ ውስጥ ወረቀት መለጠፍ ለምስጥ ምሳ ማቅረብ ነው እያልክ ትበሳጭ ነበር። በመጨረሻ ብልሃት አገኘህለት። ሰርግ ቤት ስትደርስ ካሜራውን ወደ መሬት አዘቅዝቀህ፣ በዚያ ከወሎ ይዘኸው በመጣኸው አነጋገርህ፣ ካሴቱ ላይ ትናገራለህ፦ ዛሬ እሁድ ነው፤ ያለነው አምባ አሥራ አራት ነው፤ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ቀራጩ እኔው ነኝ፤ አላህ በሰላም ያስፈጽመን። ስዕሉ አቧራና የሰው ጫማ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ቤት ሆኜ የሳሙና ካርቶን ትከሻዬ ላይ አድርጌ አንተን ስመስል፣ እማዬ በሳቅ ትፈርስ ነበር።

አንተ ካለፍክ በኋላ ካሴቶቹን ባያቸው ሻጋታ ክራቸውን ማንጣት ጀምሯል። ደነገጥኩ። ሳይጠፉ ወደ ሃርድ ዲስክ ልገልብጣቸው ብዬ ቀን ከሌት ያዝኩት። መብራት ሲጠፋ እየጠበቅኩ፣ ሲመጣ እየሮጥኩ። እኔ ደግሞ ባለሙያ ነኝ አይደል? መጀመሪያ ላይ ያለውን መሬትና ጫማ ቆርጬ ጣልኩት። የነፋሱንና የጫጫታውን ድምፅ አጥፍቼ ዘፈን ጫንኩበት። እኛ ሰርግ ቀራጮች ሁላችንም እንዲህ ነው የምናደርገው፤ ነፋስ ልስማ የሚል ደንበኛ አጋጥሞኝ አያውቅም። ስጨርስ አማረልኝ። ወላሂ፣ ብታየው ትኮራብኝ ነበር ብዬ ሁሉ አስቤአለሁ።

የተገለበጡትን ካሴቶች የት ላድርጋቸው ስል አጎቴ ሰይድ መጣ። ማሽላው እሸት ይዞ ወፍ አላስቀምጥ ብሎት ነበር። የካሴት ክር ማሳ ላይ ሲወጠር በነፋስ እየጮኸ ወፍ እንደሚያባርር አንተም ታውቃለህ። ሁለት ጆንያ ሙሉ አሸከምኩት። ቤቱ ሰፋልን ብዬም ደስ አለኝ። ወይ ጉዴ!

የዓመትህ ሶደቃ ደረሰ። ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ከተበላና ዱዓ ከተደረገ በኋላ ዲስኩን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። ሁሉም የልጅነት መልኩን እያየ ሲሳሳቅ እማዬ ብቻ ቴሌቪዥኑ ሥር ተጠግታ ትፈልጋለች። ቆይታ እሱስ የታለ አለች። አንተ መቼም ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ነህ፣ የት ትገኛለህ? ይህንኑ ብነግራት፣ መልኩን መች አልኩሽ፣ መጀመሪያው ላይ ይናገር የለም እንዴ፣ እሱን አሰሚኝ አለችኝ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ዲስኩ ውስጥ ያንተ አንዲት ቃል እንኳን የለችም።

በማግስቱ በባጃጅ ወደ አጎቴ ማሳ ከነፍኩ። ክርህ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ ይብለጨለጫል፤ ነፋስ ሲነካው እምም ይላል። ያ ሁሉ ድምፅህ እዚያ ላይ ነው፤ ግን ፀሐይ አኮማትሮት፣ ዝናብ አጥቦት፣ ተበጣጥሶ። መሃል ገብቼ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አጎቴ ምስኪኑ ፈትቶ ሊሰበስብልኝ ሁሉ ተነሣ። ተወው፣ ማሽላህን ጠብቅበት አልኩት።

የቀረኝ ሻጋታ ስለባሰባቸው ሳልገለብጥ የተውኳቸው አሥር ካሴቶች ነበሩ። እማዬ ካጠገብሽ ካልተቀመጥኩ ብላ፣ ማጫወቻውን እየጠራረግኩ አንድ ባንድ ከተትናቸው። አንዱ ነጭ ብቻ ያሳያል፤ ሌላው እየተጎተተ ገብቶ ማጫወቻው ክሩን በላው። ዘጠኙ እንዲሁ አለፉ። እማዬ መቁጠሪያዋን ይዛ ትጠብቃለች። እኔ ፊቷን ማየት አቃተኝ።

አሥረኛው ላይ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ተሰማ። ስዕሉ ላይ የአልጋ ጫፍና አንዲት የሕፃን እግር ትታያለች። ከዚያ አንተ፣ በሹክሹክታ፦ "ዛሬ ቅዳሜ ነው። ባምባሲ ሰርግ ልሄድ ነው። ዝናብ ስለሆነ እዚሁ ቤት ልናገር። ዘሐራ ተኝታለች፣ እንዳትነቃብኝ ቀስ ብዬ ነው የማወራው።"

እማዬ እጇን ቴሌቪዥኑ ላይ አደረገችና፣ እዚያው በር ላይ የቆምክ ያህል መለሰችልህ፦ "ተነሥታለች፤ አሁን ድምፅህን ከፍ አድርግ።"

አባዬ፣ አልረሳህም ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ረስቼህ ነበር እንዳልል ዓመቱን ሙሉ ያንተን ሥራ ስሠራ ነው የከረምኩት፤ አንተኑ ከሥራህ እየቆረጥኩ። ከእንግዲህ ወዲያ እንዲህ አይሆንም። ያቺን ካሴት ሁለት ዲስክ ላይ ገልብጫታለሁ፤ ራሷንም ለማንም አልሰጥም። ከዝናቡ ጠብታ አንዷን እንኳን አልቆረጥኩም፤ እንዳለች ናት።

ላብቃ መሰለኝ። እማዬ ከውስጥ እየጠራችኝ ነው፤ ድጋሚ ክፈቺልኝ ልትል ነው።

ልጅህ ዘሐራ