የጎንፋ መኪና

ጥቅምት 6 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ መቱ

ዛሬም ዝናብ። የእትዬ ሎሚን ሰው ሠራሽ የታች ጥርስ ሠርቼ ጨረስኩ። ልካቸው ሆነ። «አሁን ሥጋ እበላበታለሁ?» አሉኝ። ቀስ ብለው ይጀምሩት አልኳቸው።

ከክሊኒኩ ስወጣ ኦቦ ደበሳ በር ላይ ጠበቁኝ። ከሚስቴ ከዲሪቤ ጋር የሚያሸማግሉን እሳቸው ናቸው። ልጄን ላስመልስ መክሰሴን አልወደዱትም።

«ልጅቷ መልክህን እንኳ አታውቀውም እኮ፣ ያደታ። ዳኛ ፊት ከመቆምህ በፊት ቡሬ ሂድና ትይህ።»

ምን እላቸዋለሁ? እውነታቸውን ነው። ሳንባዬን ታምሜ አዲስ አበባ ስወሰድ ዓያንቱ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሦስት ዓመት ተኛሁ። ጥርስ መሥራቱንም የተማርኩት እዚያው ነው። ድኜ ስመጣ ቤቴን ሌላ ሰው ተከራይቶታል። ዲሪቤ ቡሬ፣ ሾፌሩ ጎንፋ ቤት። ከነልጄ…

ጥቅምት 12

ቡሬ ሄጄ መጣሁ። ዲሪቤ ወንበር ሰጠችኝ፤ እሷ ቆመች።

«አይድንም አሉኝ» አለች።

«ድኛለሁ።»

ልጅቷን ጠራቻት።

ዓያንቱ አድጋለች። ግንባሯ የእናቴ ግንባር። ማን ነኝ? ብላት እናቷን አየች፤ ከዚያ «እንግዳ» አለች። ከመቱ ምን ላምጣልሽ? አልኳት።

«የአባዬን መኪና። ትንሹን።»

የማንን እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ቆየሁ። የጎንፋን። ቡና የሚጭንበትን ኤንትሬ ፊያት።

እሺ አልኩ። ምን ነክቶኝ ነው እሺ ያልኩት?

ጥቅምት 15

ገበያ ልውረድና የቆርቆሮ መኪና ልግዛላት ብዬ አስቤ ነበር። ግን «ይሄ የአባዬ አይደለም» ብትለኝስ? አይ፣ እኔው እሠራዋለሁ። አካሉን ከእንጨት። ትንንሾቹን… ጎማውን፣ መብራቱን፣ መስተዋቱን ምን ባደርግ ይሻላል? እንጨት ጠርቤ ስድስት አንድ ዓይነት ጎማ አይወጣኝም።

የክሊኒኩን ሲስተር ጠየቅኋት። የሰው ሠራሽ ጥርስ ድድ የምሠራበት፣ ጊዜው ያለፈበት ዱቄት ከነፈሳሹ አለ። «ለሰው አፍ አይሆንም፤ ውሰደው» አለችኝ።

ጥቅምት 19

ጎንፋ መቱ ቡና ሊጭን መጥቶ ቆሞ አገኘሁት። ክርና እርሳስ ይዤ መኪናውን መለካት ጀመርኩ። ሌባ መስዬው ይሆናል፣ ከጋቢናው ወረደ። አወቀኝ። የከሰስኩትም እኔ መሆኔን ያውቃል።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ልጅቷ የዚህን ትንሹን ፈልጋ ነው።»

የክሩን ጫፍ ያዘልኝ። ጭቃውንም በጨርቅ ጠረገልኝ።

«የግራው መብራት ተሰብሯል» አለ፤ «አንተ ግን ሁለቱንም ደህና አድርገህ ሥራው። ስላልተሠራ ዓያንቱ ሁሌ ትቆጣኛለች።»

ትቆጣዋለች። ለእኔ ሁለት ቃል ነው ያላት።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 24

አንድ ጎማ ከዋንዛ ጠረብኩ። ጀሶ በጥብጬ ቀበርኩት፤ ሲደርቅ ግን አልወጣ አለ። ለጥርስ ቢሆን ቅርጹን ሰብሬ ነው የማወጣው፤ ለአንድ አፍ አንድ ጊዜ። ጎማው ግን ስድስት ነው። በየጊዜው ብሰብር በየጊዜው ልጠርብ ነው?

ጥቅምት 27

ጀሶውን ሁለት አደረግሁት። መጀመሪያ ግማሹን ጎማ ብቻ ቀበርኩ። ሲደርቅ ፊቱን ሳሙና ቀብቼ ሌላውን ግማሽ ከላይ አፈሰስኩበት። እንደ ዛጎል ተከፈተ! ዱቄቱን በፈሳሹ ለውሼ ጠቀጠቅኩበት፤ አስሬ ቀቀልኩት።

ቸኩዬ አፈላሁት። እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ወጣ። ጣልኩት። የፈሳሹ ሽታ ሳንባዬን ነካው መሰለኝ፣ ሲያስለኝ ዋለ። ለጎንፋ መኪና ብዬ ልታመም?

ኅዳር 2

በቀስታ ማሞቅ ነው ለካ! ዛሬ አንድ ንጹሕ ጎማ ወጣ። የጎማው ጥርስ ሁሉ ቁልጭ ያለ። ቀለሙ ግን የድድ… ሮዝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ከታመምኩ ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም።

ኅዳር 9

ስድስቱም ደረሱ። መብራቶቹን ቀለም ከሌለው ዱቄት አወጣሁ፤ መስተዋት ይመስላሉ። ጎማዎቹን ጥቁር ቀባሁ። ጋቢናውን እንደ እሱ አረንጓዴ።

ጠረጴዛው ላይ አቁሜ አየሁት። ቁርጥ የጎንፋ መኪና። ሚስቴ የተጫነችበት… እዚህ ላይ ልተወው።

ኅዳር 12

ቡሬ። ዓያንቱ መኪናውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ገልብጣ የጎማውን ሥር በጥፍሯ ፋቀችው።

«ለምን ሮዝ ሆነ?»

«የጥርስ ድድ የሚሠራበት ስለሆነ ነው።»

«መኪናው ድድ አለው?» ብላ ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ለዚህች ሳቅ ብዬ ነው ለካ የለፋሁት። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። አባትሽ እኔ ነኝ ልላት…

ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። ጥላኝ ሮጠች።

«አባዬ! አባዬ! መኪናህን እይ፣ እኚህ ሰውዬ ሠሩልኝ!»

ዲሪቤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጎንፋ ልጅቷን በጆሮዋ አንድ ነገር አላት። ተመልሳ መጥታ ጎንበስ ብላ አመሰገነችኝ።

«ገለቶማ፣ ጋሼ።»

እሱን አንተ፣ እኔን አንቱ።

ኅዳር 13

አልጽፍም።

ኅዳር 28

ኦቦ ደበሳ ክሱን ተወው ይሉኛል። አልተውም! ሕግ አለ። ደሜ ናት። መኪና ሠርቼ የሰጠሁት ለእሱ እንድታሳየው ነው? ትምጣ፤ እዚህ ትደግ፤ ትለምደኛለች። ልጅ አይደለች? ሁሉን ትለምዳለች።

ታኅሣሥ 20

ፍርድ ቤት ዋልን። እነሱ ከእኔ ቀድመው መጥተዋል። ዓያንቱ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ቀሚስ። መኪናውን ይዛ አልመጣችም። ባትፈልገው ነው? ወይስ እንዳይጠፋባት? ማንን ልጠይቅ?

ከእኔ አንድ ሰው አልፋ ተቀመጠች። ዘበኛው ስማችንን ሲጠራ የጎንፋን ሱሪ ያዘች።

«አባዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችው። በሹክሹክታ። ሰማሁት።

የምትከሰሰው እሷ መስሏታል።

ጎንፋ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። የተቆጣ ሰው አስተያየት አልነበረም፤ እንደሚለምን ሰው ነበር።

ዳኛው ማመልከቻዬን አነበቡ። «የምትጨምረው አለ?»

«ትቼዋለሁ» አልኩ።

«ለምን?»

ለምን… ሳል ያዘኝ። ውሃ አመጡልኝ። እስክጠጣ ድረስ እነሱ ወጥተው ነበር። ደግ ሰው ነህ አሉኝ ኦቦ ደበሳ። ምኑ ነው ደግነቱ? ሦስት ዓመት ሞትን ታግዬ የተመለስኩት ይህን ልሰጥ ነው?

ጥር 17

ከክሊኒኩ አዲስ ድሬሰር ከአብደታ ጋር ምሳ ልንበላ ስንወጣ ኤንትሬው ከላይ መጣ። ዓያንቱ ጋቢና ውስጥ ጎንፋ ጎን ተቀምጣለች። አየችኝ። በመስኮቱ እጇን አውጥታ አውለበለበች፤ «ጋሼ!» እያለች። እኔም እጄን አነሳሁ። አቧራው እስኪወርድ ድረስ እንዳነሳሁት ቆየሁ መሰለኝ፣ አብደታ ትከሻዬን ነካኝ።

«የምታምር ልጅ ናት። የማን ናት?»

«የሾፌሩ» አልኩት።