የስክሪኑ ቀለም

እትዬ፣

ሰፊውን ስክሪን ላንቺ ትቼዋለሁ። ከመስኮቱ ዞር አድርጊው፣ ያንጸባርቃል። ብርሃኑ ሰባ በመቶ ይበቃዋል። ቀለሙን ግን አትንኪው፤ ዛሬ ጠዋት በመለኪያ አስተካክዬዋለሁ።

ከዚያ የእማዬን የልደት ፎቶ ከፈትኩት።

ያኔ ፎቶውን እዚሁ ስክሪን ላይ አይተሽ «ዓይኗ ቢጫ ሆኗል፣ ሐኪም ይያት» ስትይኝ፣ «ስክሪኑ ነው፤ የፎቶ ባለሙያው እኔ ነኝ» ብዬ ቢጫውን ቀንሼ አሳየሁሽ። አምነሽኝ የሐኪሙን ነገር ተውሽው። ከአምስት ወር በኋላ ሐኪሙ «ጉበቷ ነው፤ ዘገያችሁ» አለን።

ዛሬም ባልነካሁት ፎቶ ላይ ዓይኗ ቢጫ ነው፣ እትዬ።
ስክሪኑ ምንም አልነበረበትም።

በቀብሯ ቀን እንኳ ከአፍሽ ክፉ ቃል አልወጣም። ብትሰድቢኝ ይቀለኝ ነበር።

ለጊዜው ስቱዲዮ ነው የማድረው። ለመቃብሯ የሚሆነውን ፎቶ አንቺ ምረጪ፤ እኔ ከእንግዲህ ፊቷን አልነካም።

ታናሽሽ