ቁም ሳጥኑን የዘጋው የክቡርነትዎ ጠረጴዛ

ለተከበሩ አቶ ምስጋናው
የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐይቅ

ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ወገብዎን ያጽናልዎ፣ ጉልበትዎንም ከአዲሱ ጠረጴዛ ጠርዝ ይጠብቅልዎ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከሐይቁ ዳር ዓሣ የምሸጠው ሱሩር ነኝ፤ አምና በአውራ ጣቴ ያስፈረሙኝ። ዘንድሮ በማታው የጎልማሶች ትምህርት ከሃያ ስድስት ሰው አንደኛ ወጥቻለሁ። ሁለተኛ የወጣችው መስኡዳ «በሁለት ነጥብ ብቻ ነው የበለጠኝ» እያለች ታወራለች፤ በአምስት ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው፣ በበርዎ ላይ የምለጥፈውም በገዛ ሙጫዬ ነው። በሩ ጠረጴዛው እንዲገባ ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፎ ስለቆመ ለመለጠፍ እጅግ ተመችቶኛል፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

አስተማሪያችን አቤቱታ በቁጥር ሲሆን ያምራል ስላሉን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ. አንድ ወር ሙሉ በበርዎ ላይ «ምቹና ለሙያው የሚመጥን ጠረጴዛ በመምረጥ ላይ ስለሆንን ባለጉዳይ አናስተናግድም» የሚል ወረቀት ነበር። ለተሰለፈው ሰው ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ሰዉ የስብሰባ ጥሪ መስሎት ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። መራጭ ኮሚቴዎ ሦስት ጊዜ ደሴ ተመላልሶ፣ ክንዱን እያሳረፈ፣ እግሩን እየዘረጋ፣ እንደ ሙሽራ እየተቀመጠ እየተነሳ ጠረጴዛ መሞከሩን ሰምተናል። እንዲህ ያለ ትጋት በመሬት ጉዳይ ላይ አይተን አናውቅምና ኮራንበት። ሳይሞከር የቀረ አንድ ነገር ቢኖር በሩ ብቻ ነው።

2ኛ. ሜትሩ ስለጠፋ ክፍሉ በኮሚቴው ጸሐፊ በአቶ ኢምራን ክንድ ተለክቶ ስምንት ክንድ ሆነ። ጠረጴዛው ደግሞ ስድስት ክንድ ይሁን ተብሎ ደሴ ላይ በአናጢው ክንድ ተሠራ። አቶ ኢምራንን አላህ በእውቀት እንጂ በቁመት አላበዛላቸውም፤ አናጢው ግን፣ ያዩት እንደሚሉት፣ ቆርቆሮ ሲመታ መሰላል የማይፈልግ ሰው ነው። ሁለት ክንድ መተላለፊያ ይተርፋል በተባለበት ቦታ ዛሬ መዳፌ አይገባም። እኛ ዓሣ አስጋሪዎቹ እንኳ መረብ ስንሻሻጥ መጀመሪያ የሻጭና የገዢን ክንድ ጎን ለጎን አድርገን እናስተያያለን። ይህንንም ማታ ትምህርት ቤት አልተማርነውም።

3ኛ. ጠረጴዛው የመሬት ፋይል ያለበትን የብረት ቁም ሳጥን ተጭኖ ቆሟል። ቁም ሳጥኑ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው፤ ስለዚህ አይከፈትም። ውስጡ የጎረቤቴ የወይዘሮ ፈሂማ የመሬት ደብተር አለ። ባሏ ዓሊ፣ አላህ ይማረውና፣ ሲሞት ስሙ ወደ እሷ እንዲዛወር ደብተሩን በእጇ አምጥታ ለእርስዎ አስረከበች። የባሏ ወንድም ሙሀይሚን ከጅዳ ተመልሶ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለውን ማሳዋን በእሾህ ሽቦ አጠረባት። ከዚያ ማሳ ሌላ የምትበላበት የላትም። ቀጠሮው ሰኞ ነው፤ ዳኛው ደብተሩን ካላቀረበች በምስክር ብቻ እንደሚወስኑ ነግረዋታል። የሙሀይሚን ምስክሮች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም አዲስ ሰዓት አስረዋል።

ትናንት ለአምስተኛ ጊዜ መጥታ «እኔ ጠረጴዛ አልለመንኳችሁም፣ ደብተሬን ስጡኝ» ስትል፣ ከጠረጴዛው ማዶ «እናቴ፣ ትንሽ ይታገሱ፣ ዕቃው ገና ገቢ አልሆነም» የሚል መልስ ተሰጣት። እንደተብራራልን፣ ገቢ ያልሆነ ንብረት ከቦታው አይነቃነቅም። ገቢ የሚሆነው በደረሰኝ ነው። የደረሰኙ ጥራዝ ደግሞ ያለው ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። ይህንን በደብተሬ ጽፌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቴም ተመልሶ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ። አስተማሪያችን ክብ መሳል ያስተማሩን ለምን እንደሆነ ገና አሁን ገባኝ።

4ኛ. ለፈሂማ አቤቱታ ምስክር ሆኜ ልፈርም ብዕሬን አውጥቼ ብንጠራራ መዝገቡ ከጠረጴዛው ማዶ ስለሆነ አልደርስበት አልኩ። ጸሐፊው አቶ ኢምራን የቀለሙን ሳጥን በማስመሪያ ወደ እኔ ገፍተው «አያ ሱሩር፣ በጣትዎ ይበቃል» አሉኝ። አንደኛ የወጣን ሰው! ይህን በደል ለጊዜው አቆየዋለሁ፤ የፈሂማ ይቀድማል።

መቼም ሳይጠየቅ መምከር ልማዴ ነውና፣ ለወደፊቱ ጠረጴዛ ሲመርጡ የኔን ዓሣ መበለቻ ጣውላ መጥተው ቢያዩ ደስ ይለኛል። ርዝመቱ ሁለት ክንድ ነው፣ በራሴ ክንድ። ገዢው ዓሣውን ያያል፣ እኔ ገዢውን አያለሁ፣ ሚዛኑ በመካከላችን ነው፤ ተመራርቀን እንለያያለን። እስካሁን አንድም ሰው ጣውላዬ ገቢ እስኪሆን ቆሞ የጠበቀ የለም። ምቾት ማለት ከጠረጴዛው ወዲህ ላለውም ጭምር ይመስለኝ ነበር፤ አለመማሬ ይሆናል።

ይህንን ሁሉ በትዕግሥት እንድንማር ስላደረጉን፣ ወይዘሮ ፈሂማንም ከእርሻ ሥራ አሳርፈው በደጅዎ ስላቆሟት፣ ምስጋናዬ ከጠረጴዛዎ የሰፋ መሆኑን በታላቅ ትሕትና እየገለጽኩ፣ ዛሬ ረቡዕ መሆኑንና እስከ ሰኞ የቀሩት የሥራ ቀናት ሁለት ብቻ መሆናቸውን አስታውሳለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር
ሱሩር ሀምዳን
(ፊርማው የእጄ ነው፤ ጣቴ ንጹሕ ነው)

ግልባጭ፦
ለወረዳው አስተዳደር
ለጠረጴዛው

አንድ የረሳሁት ነገር፦ እኔ የሰፈራችን የቀብር ማኅበር፣ የቅሬው፣ የተሸካሚዎች አለቃ ነኝ። እስላም ክርስቲያኑን በአንድነት ስንቀብር ኖረናል፤ ከጠባብ በር ከባድ ነገር ማውጣት ደግሞ ከማንም ኮሚቴ በላይ እናውቅበታለን፣ ደረሰኝም ጠይቀን አናውቅም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ስምንት ሰው ሆነን ቃሬዛውን ይዘን ጠረጴዛውን ልናወጣ እንመጣለን፤ ፈሂማ ደብተሯን ይዛ ሰኞ ዳኛው ፊት ትቆማለች። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ እስከ ዛሬ የተሸከምነው ሁሉ ራሱ መነሳት ያልቻለ ብቻ ስለሆነ፣ እጃችን በልማድ እንዳይሳሳት፣ ስንገባ እባክዎ ከወንበርዎ ተነስተው ይጠብቁን።