ጣትሽን አሳርፊበት

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18

ጠዋት ማሽላ እያበጠርኩ ነበር። ትንሿ ልጄ ሙና ልብስ ታሰጣለች። ጥሩ ፀሐይ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል እያልን...

ቃሲም መጣ። ሰንበቴ ከተማ ከትልቋ ልጄ ከነኢማዬ ጋር የሚያስተምረው ልጅ። ከኋላው የመስጊዱ ሽማግሌዎች አሉ። ሽማግሌ ያስከተለ እንግዳ ምን ይዞ ይመጣል? አወቅኩት።

ነኢማ ሐሙስ ስትደውል "ወባ ናት እማ፣ ትለቀኛለች" ብላኝ ነበር። አልለቀቀቻትም።

"ግቡ፣ ፀሐይ መትቷችኋል" አልኳቸው። ውሃ ቀዳሁላቸው።

ጀናዛዋ በመኪና መጣ። ከዙህር ሶላት በኋላ ወንዶቹ ቀበሯት። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፤ የአላህ ነን፣ ወደሱም ተመላሾች ነን።

ይህን ደብተር የገዛችልኝ እሷ ናት። "ጻፊ እማ፣ እጅሽ ይፍታታ" ብላ። ዛሬ እጄ እምቢ አለ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ተዕዚያው፣ ለቅሶ መቀመጡ፣ አለቀ። ድንኳኑ ተነሳ።

ሰው ሁሉ "ደግ ነበረች" ይላል። እውነት ነው። ግን ደግ ያልተባለ ሙት አለ? እንዴት ደግ እንደነበረች የነገረኝ የለም።

ጎረቤቴ ፋጡሜ ደግሞ በእኔ ተናደደች። "አልቅሺ እንጂ አንቺ! ድንጋይ ነሽ?"

ድንጋይ ነኝ እንዴ? እንባው አልመጣ አለኝ። ምን ላድርግ?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

ሙና አልፈተንም አለች።

ዘንድሮ አስራ አንደኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ ፈተናው ጥር 5 ነው። ክፍል ውስጥ አንድ አጭር ታሪክ አንብበዋል፤ በፈተናው ላይ ታሪኩን ተንትነው ድርሰት ይጽፋሉ። ግማሹ ማርክ እሱ ነው። ከቀረች ክፍል ትደግማለች።

"በነኢማ ነበር የምችለው እማ። ብቻዬን አልችልም።"

ምን ልበላት? እኔ ከስድስተኛ ነው ያቋረጥኩት። እንግሊዝኛ ከጉድ ሞርኒንግ አላልፍም።

ነኢማ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰንበቴ እየመጣች ታስጠናት ነበር። እዚሁ ምንጣፍ ላይ። ሙና ገና አንድ ነገር ከመናገሯ፣ "ኤሳ ጅራ? የታለ? ጣትሽን አሳርፊበት!" ትላታለች። መጽሐፉ ላይ ያላሳየችውን ነገር አትቀበላትም።

ባለፈው ወር ነው... ሙና ስለ ታሪኩ ሴትዮ "በልቧ ኢና ሊላሂ አለች" ብላ ጻፈች። ስለ ፈረንጅ ሴትዮ! ነኢማ በሳቅ ፈረሰች። "እስቲ አሳዪኝ፣ የትኛው መስመር ላይ ነው የሰለመችው?" ሙና አኮረፈች። "እና ልጅ ሞቶባት ምን ትበል ታዲያ?" አለች። ይሄኔ ሦስታችንም ሳቅን።

የዚያን ቀን ሳቅ አሁን ከየት ይመጣል?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

ቅዳሜ ነው። የሚኒባስ ጥሩንባ በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል።

ሙና ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። መጽሐፉን ግን አልነካችም። "በአማርኛ ንገሪኝ እስቲ፣ ምንድን ነው ታሪኩ?" አልኳት። እምቢ አለች። ቆይታ ነገረችኝ።

ሴትዮዋ ብርድ አገር ነው የምትኖረው። ልጇ ባቡር ሐዲድ ላይ ይሠራል። አንድ ሰው ይመጣና ልጅሽ ሞተ ይላታል። አታለቅስም። "ተቀመጥ፣ ከሩቅ ነው የመጣኸው" ትለዋለች። ሾርባ ሠርታ ታቀርብለታለች። ጠጥቶ ይሄዳል። በቃ፣ አለቀ።

"ክፍል ውስጥ ሁሉም ጨካኝ ናት ነው ያሉት" አለችኝ።

"ነኢማስ?"

"ነኢማ መልስ አትነግርም እኮ። ፈልጊ ነው የምትለው።"

ከዚያ ሙና ታየኝ ጀመር። ፊቴን አይደለም፣ እጄን።

"እማ፣ ቃሲም የመጣ ቀን ውሃውን እንዴት እንደቀዳሽ ታውቂያለሽ?"

"እንዴት ቀዳሁ?"

"ብርጭቆው ሞልቶ ፈሰሰ። አንቺ መቅዳትሽን አልተውሽም። የቃሲም ጫማ እስኪርስ። እሱም እግሩን አልሰበሰበም።"

ወላሂ አላስታውስም።

ሙና መጽሐፉን ሳበችው። እህቷ ከሞተች ገና መክፈቷ ነው። ጣቷን መስመር በመስመር አስኬደች... ተመለሰች... ድንገት ቆመች።

"ጨው! ጨው ሁለት ጊዜ ጨመረችበት እማ! እዚህ ጋ ጨመረች። እዚህ ታች ደግሞ እንደገና። ሰውየው ቀመሰና ዝም ብሎ ጠጣው ይላል።"

ጣቷን ከመጽሐፉ ላይ አላነሳችውም።

የእኔ ልጆች... አንዷ መሬት ውስጥ ሆና ታስተምራለች፣ አንዷ በሐዘን ውስጥ ሆና ትማራለች። እንዴት ያሉ ልጆች ነው የሰጠኸኝ ያ ረቢ?

ማክሰኞ፣ ጥር 5

ሙና ልትፈተን ሄደች።

ፋጡሜ በሯ ላይ ቆማ፣ "የእህቷ አፈር ሳይደርቅ እንግሊዝ ልትሆን ነው?" አለች፣ ሰው እንዲሰማ።

"የላከቻት እህቷ ናት" አልኳት።

ፋጡሜ አፏን ያዘች። ሙና ባጃጅ ውስጥ ልትገባ ስትል ግን ነጠላዋን እየጎተተች ሮጣ ደረሰች። ቂጣ ይዛለች። "ያዢ! በባዶ ሆድ ምን ይጻፋል? እናትሽ እንደሆነች ፈዛለች!"

ይህችን ሴት እንዴት ነው የምጠላት?

ረቡዕ፣ ጥር 6

"ጻፍኩት" አለች። ሌላ አልጨመረችም። እኔም አልጠየቅኳት።

ዓርብ፣ ጥር 22

ወረቀቷን ይዛ መጣች። አለፈች። አልሀምዱሊላህ! ሰዋስው ላይ ተቀንሶባታል፤ አንደኛም አልወጣችም። ግን መምህሩ ድርሰቷን ለክፍሉ በሙሉ አንብቦላቸዋል። "ማነው ያስተማረሽ?" ቢላት፣ "እህቴ" አለችው።

ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። አንዱን ቦታ ሁለቴ አስነበብኳት፦ "ይህች እናት ጨካኝ አይደለችም። ያላለቀሰችው ስላላዘነች አይደለም። ሐዘኗ ያለው እጇ ላይ ነው። ጨዉን ተመልከቱ።"

ጨዉን ተመልከቱ... የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ከየት አመጣችው አልልም። ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ።

ያኔ እንባዬ መጣ። ፋጡሜ ሰምታ ገባች። "እሰይ፣ አልቅሺ የኔ እናት!" ብላ እሷው ከእኔ በላይ አለቀሰች። ድንጋይ አይደለሁም ለካ።

አሁን እኔም ነኢማ ደግ ነበረች እላለሁ። የታለ ብትሉኝ አሳያለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ስታስተምር ከርማ፣ ቅዳሜ ዕረፍቷን ትታ፣ በሚኒባስ ተጨናንቃ ትመጣ ነበር። መልሱን እያወቀችው ለእህቷ አልነገረቻትም። በራሷ እንድታገኘው አስቀመጠችላት። ደግነቷ ይኸው ነው። የሙና ወረቀት ላይ አለ፣ ጣቴን አሳርፌበታለሁ።

ይህን ደብተር አንድ ቀን የምትከፍቱ... ሙናም ብትሆኚ፣ የሙና ልጆችም ብትሆኑ፣ የማላውቃችሁም ብትሆኑ... አላህ ይርሃማት ብላችሁ ብቻ ገጹን አትግለጡብኝ። ቀብሯን እንዲያሰፋላት፣ ለሰው ያስተማረችውን ብርሃን እንዲያደርግላት ለምኑላት። ስሟን እዚህ እጽፈዋለሁ። ጣታችሁን አሳርፉበትና ዱዓ አድርጉላት።

ነኢማ ኑርሁሴን።