ለአባትሽ ያነበብኩለት ደብዳቤ

ሩዶልሽታት፣ ኅዳር 9 ቀን 1887

ለምወድሽ ልጄ ለኦቲሊየ፤

ጌታ በሰው አገር ጥላ ከለላ ይሁንሽ፤ ጣቶችሽን ከሪጋ ብርድ ይጠብቅልሽ። እንደምን ከርመሻል? እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን። የፕሪሙን ዛፍ ነፋስ ጣለው። ወንድምሽ ሁለተኛ ሴት ልጅ ወልዷል።

የአባትሽ ዓይን ግን ከፋሲካ ወዲህ ጭራሽ ደክሟል፤ ማንበብ አይችልም። አሥራ አንድ ዓመት የለፋበትን የቫዮሊን ድርሰት፣ ኮንቼርቶውን፣ እንድትፈርጂለት ከላከልሽ አምስት ወሩ ነው። በየቀኑ «ምን አለች?» ይለኛል። ባለፈው እሑድ አንጀቴ አልችል አለና ባዶ ወረቀት ይዤ ደብዳቤሽን የማነብ መሰልኩ። «አባዬ፣ ሁለተኛው ክፍል አስለቀሰኝ፤ ሁሉም ግሩም ነው» አልኩት።

ሰማኝና «ስድቡስ?» አለ።

«የምን ስድብ?»

«ሊና፣ ልጃችን ‹እዚህ ጋ አጨማለቅከው› ሳትለኝ ደብዳቤ ጨርሳ አታውቅም። ወረቀቱን ስጪኝ እስቲ።»

አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አሸተተው። «ቀለም የለውም» አለና መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኮንቼርቶው ትንፍሽ አላለም፤ ፒያኖውንም ቆልፎታል።

ኦቲሊየ፣ ሥራው ባይጥምሽ አልፈርድብሽም። ለመንገር ጨንቆሽ እንደሆነም ይገባኛል። ነገር ግን ዝምታሽ ከየትኛውም ፍርድ ይልቅ እየጎዳው ነው። እባክሽ አንድ ገጽ ጻፊለት፤ የቱ ጋ እንደተበላሸ ንገሪው፣ እንደ ድሮሽ ተቆጪው።

እግዚአብሔር ፊቱን ያብራልሽ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃን። አንቺ ብቻ ጻፊ፤ እኔ ስድቡን ሳልዘል አነብለታለሁ።

እናትሽ ካሮሊና