በሳማር ባሕር ላይ ጭስ የታየ ዕለት

ልጄ ክሪሳንቶ፣ ድንግል ማርያም ከእሳትም ከውሃም ትሰውርህ። እኛ አለን። ጃፓኖቹ አሳማዋን ወሰዱብን፤ ቤቱ ግን ደህና ነው። አንተ በአሜሪካኖች መርከብ ላይ ምግብ እንደምታቀርብ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ከባሕሩ ማዶ መድፍ ያጓራ ጀመር። አውሮፕላን ሲወድቅ፣ መርከብ ሲጨስ ከዳር ቆሜ አየሁ። ያንተ መርከብ የትኛው እንደሆነ በምን ልወቀው? አሸዋው ላይ ተንበርክኬ ዋልኩ።

ዓርብ ዕለት አጎትህ ዶሮይ ከባሕር አንድ ሰው በጀልባው ይዞ መጣ። ፊቱ በመርከብ ዘይት ጠቁሮ አይለይም።

«እቴ፣ ቶሎ እጠቢው!» አለኝ።

አጠብኩት። አንተ እንዳትሆን ፈራሁ፤ አንተ እንድትሆንም ተመኘሁ። ከዘይቱ ስር የፈረንጅ ፊት ወጣ፤ ገና ጺም ያላወጣ ልጅ ነው። ደረቱ ተቃጥሏል። የኮኮናት ውሃ በማንኪያ ሰጠሁት።

«ማማ» አለኝ።

«አቤት ልጄ» አልኩት። ሌላ ምን ላድርግለት? ከሰዓት በኋላ እጄን እንደያዘ አረፈ። ከአባትህ ጎን ቀበርነው። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው።

ልጄ፣ የረገጥከው ሁሉ ይቅናህ፤ ክፉ አይንካህ። እባክህ፣ ስምህን ብቻ ጽፈህ ላክልኝ። በእጅህ የተጻፈ ይሁን።

እናትህ ኤፒፋንያ